ቂም ይዞ ሰላምታ፦ ኮሎኔል ለምን ይሰልላል?

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ነው። ባጃጁ ይንጫጫል። አጠገቤ ያለ ወጣት ከስልኩ ላይ ያነባል። በየካቲት 2025 የዩክሬን የደኅንነት መሥሪያ ቤት የገዛ ራሱን የፀረ ሽብር ማዕከል ኤታ ማዦር ሹም ለሩሲያ ሰልሏል ብሎ አስሯል። ሰውዬው ኮሎኔል ነው። ሌላውን እንዲጠብቅ የተቀመጠ ሰው ራሱ ሰላይ ነህ ተባለ።

"ሆድ አደር!" አሉ ባሻ።

ባሻ ከኛ ጠረጴዛ የማይጠፉ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን አዘዞ ካምፕ ነው የጨረሱት። "ሌላ ምን አለው? ብር አሳዩት፣ አገሩን ሸጠ። አለቀ።"

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በአማርኛ ለከዳተኛ ያለን ስድብ ይኸው ነው። ሆድ አደር። ሆዳም። ለሆዱ ያደረ። ክህደት የረሃብ ዓይነት ይመስል።

ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ኮሎኔል እኮ አይራብም። ደመወዝ አለው፣ ቤት አለው፣ ሾፌር አለው። በር ላይ ያለው ዘብ ተንቀጥቅጦ ሰላምታ ይሰጠዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንገቱን ገመድ ውስጥ የሚያስገባው ለምንድን ነው? የማውቃቸውን የከፍተኛ መኮንን ሰላዮች ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ሆድ አለበት። ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። እሱም ከአንድ ተረታችን ውስጥ ቁጭ ብሏል፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።

(የኛን አገር ታሪክ ካልጠራሁ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው።)

ፖስታ ቤቱን እያየሁ ስለነበር ከፖስታ ቤት ታሪክ ልጀምር። አልፍሬድ ሬድል የኦስትሪያና ሃንጋሪ መንግሥት ኮሎኔል ነበር። ለዓመታት የሠራው በፀረ ስለላ ክፍል ነው። እንግዳን በድብቅ ፎቶ ማንሳት፣ የጣት አሻራ መሰብሰብ፣ እነዚህን ዘዴዎች ያስፋፋው እሱ ነው። በዚያው ጊዜ የአገሩን የጦር ዕቅድ ለሩሲያ ይሸጥ ነበር። በ1913 ቪየና ዋናው ፖስታ ቤት ለሐሰት ስም የተላከ፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው የሚቀመጥ ደብዳቤ መጣ። ወሳጅ ጠፋ። ወደ ጀርመን ተመለሰና ሲከፈት ውስጡ ወፍራም ብር ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የቪየና ፖሊሶች ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ክፍል ይዘው ለሳምንታት ቁጭ አሉ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ደወል ተሰጣት። ሰውዬው ሲመጣ ደወለች። እነሱ ሮጠው ሲደርሱ ታክሲ ይዞ ሄዷል። ታክሲውን አገኙት። ወንበሩ ላይ የትንሽ ቢላ ሰገባ ወድቋል። ሰውዬው ወደወረደበት ሆቴል ሄደው "ይህ የማነው?" ብለው አስጠየቁ። ሬድል ደረጃውን ወርዶ "የኔ ነው" አለ።

ሳል ማለት ይህ ነው። ሌባው በገዛ ሳሉ ተያዘ።

የጦር አለቆቹ ግን ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ለሠራዊቱ ክብር ብለው ሽጉጥ ሰጥተውት ወጡ። ራሱን ገደለ። ምን ሸጠ፣ ለማን ሸጠ፣ ከማን ጋር ሸጠ የሚለውን ሁሉ ይዞት ተቀበረ። ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ የዓለም ጦርነት ተነሣ።

ሬድል ሆዳም ነበር። እዚህ ላይ ባሻ ልክ ናቸው። መኪናው፣ ልብሱ፣ ድግሱ ከደመወዙ ጋር አይገናኝም ነበር። በቅርቡም ቢሆን ገንዘብ አልጠፋም። በመጋቢት 2021 የጣሊያን ባሕር ኃይል መኮንን ሮም ውስጥ መኪና ማቆሚያ ላይ ለሩሲያ ኤምባሲ ሰው ሰነድ ሲሰጥ ተይዟል። የተከፈለው 5,000 ዩሮ ነበር። ወታደራዊው ፍርድ ቤት 30 ዓመት ፈረደበት። ባለቤቱ ለጋዜጣ የተናገረችው ስለ ቤት ዕዳና ስለ ልጆች ነው። ይኼ ጥጋብ አይደለም፣ ጭንቀት ነው። አንድ የአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር ኮሎኔልም በ2001 ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት ታሪኩ የተጀመረው ከብድር ነበር። ያበደረው አብሮ አደጉ ነው፣ እንደ ወንድም ያደጉ። አብሮ አደጉ ደግሞ ቄስ ነበር፣ ኋላም ጳጳስ። ከቄስ የተበደረ ሰው ማን ይጠረጥራል?

አሁን ሌሎቹን እንያቸው።

ኦሌግ ፔንኮቭስኪ የሶቪየት ወታደራዊ ስለላ ኮሎኔል ነበር። ደፋር፣ የጦር ሜዳሊያ ያለው። ጄኔራል መሆን አማረው። ከዚያ የአባቱ ፋይል ተከፈተ። አባትየው በአብዮቱ ዘመን ኮሙኒስቶቹን ከሚወጋው፣ "ነጮቹ" ከሚባለው ጦር ጋር ተሰልፎ ኖሯል። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የሆነ ነገር መንገዱን ዘጋው። በ1961 ለእንግሊዝና ለአሜሪካ መሥራት ጀመረ። ሞስኮ ውስጥ መናፈሻ ላይ ልጆቿን ይዛ ለምትቀመጥ አንዲት የእንግሊዝ ዲፕሎማት ሚስት የከረሜላ ሳጥን ይሰጣል። ውስጡ ፊልም ነው። የሰጠው የሚሳይል መመሪያ አሜሪካኖች ኩባ ላይ የተተከሉትን የሶቪየት ሚሳይሎች በአውሮፕላን ያነሱበትን ፎቶ እንዲያነቡ ረድቷቸዋል። የተያዘው ጥቅምት 22 ቀን 1962 ነው። ኬኔዲ የኩባን ጉዳይ ለሕዝባቸው የተናገሩት በዚያው ዕለት ነበር። በሚቀጥለው ግንቦት ተገደለ።

ስቲግ ቬነርስትረም ደግሞ ስዊድናዊ ነው። የአየር ኃይል ኮሎኔል። ሞስኮም ዋሽንግተንም ወታደራዊ አታሼ፣ ማለት በኤምባሲ የጦሩ ተጠሪ ሆኖ ሠርቷል። ቋንቋ ያውቃል፣ ግብዣ ያውቃል። አለቆቹ ግን ከዚህ በላይ እንደማያሳድጉት ገባው። ለሶቪየት 15 ዓመት ያህል ሰለለ። የአገሩን የአየር መከላከያ ገልብጦ ሰጠ። የደኅንነት ሰዎች ለብዙ ዓመት ይጠረጥሩት ነበር። ማስረጃ ግን የላቸውም። በ1963 ማን ጨረሰው? የቤት ሠራተኛው። ጣሪያው ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ የተደበቁ ፊልሞች አገኘች። ኮሎኔሉ ከመንግሥት ሁሉ ተደብቋል፣ ቤቱን ከምታጸዳለት ሴት ግን መደበቅ አልቻለም። የኛ ቤት ሠራተኞችም ስለ ጌቶቻቸው የሚያውቁትን ቢናገሩ ጉድ ነበር።

ሁለቱም ታሪክ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ብር አይደለም። የተዘጋ በር ነው። ትከሻ ላይ ሳይጨመር የቀረ ኮከብ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ሰላይ የሚመለምል ሰውም ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ቀን "ሰነድ አምጣ" አይልም። "እንደ አንተ ያለ ሰው እንዴት እስካሁን ጄኔራል አልሆነም?" ይላል። ይህች ጥያቄ ከማንኛውም ፖስታ ትበልጣለች። ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ትንሽ ስጦታ። ከዚያ ጉዳት የሌለው የሚመስል ወረቀት፣ የስልክ ዝርዝር ወይም የሥልጠና መጽሐፍ። ያችን ከሰጠ በኋላ ሰውዬው የራሱ አይደለም። እምቢ ቢል የመጀመሪያዋ ወረቀት ትወጣበታለች። ከዚህ ወዲያ ቂሙ ቢበርድለት እንኳ መውጫ የለውም።

ዳሽን ቢራ በሚጠመቅበት ከተማ ሌላውን ተረት መዝለል ደግሞ አይሆንልኝም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። መልማዮች የኤምባሲ ግብዣ የሚወዱት ለምግቡ አይደለም። ከሁለት ብርጭቆ በኋላ ማን ስለ አለቃው እንደሚያማርር ለመስማት ነው።

ከሁሉ ግን ረዘም አድርጌ ላወራው የምፈልገው ከራሳችን አህጉር ነው። ዲተር ገርሃርት። የደቡብ አፍሪካ ባሕር ኃይል ኮሞዶር።

በርሊን ተወለደ፣ በልጅነቱ ደቡብ አፍሪካ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት አባቱን የናዚ ደጋፊ ነው ብሎ አሰረው። ልጁ አድጎ በዚያው መንግሥት ባሕር ኃይል ገባ። ቁመናው ረጅም፣ ጭንቅላቱ ጥሩ። ለትምህርት እንግሊዝ ተላከ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በገዛ እግሩ ለንደን የሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ገብቶ "ልሥራላችሁ" አለ። የመለመለው ሰው የለም። ራሱን መለመለ።

ከዚያ ለ20 ዓመት ያህል በሁለት ስም ኖረ። የመጀመሪያ ሚስቱ አወቀችበት። አብሬህ አልገባም ብላ ተለያዩ። አላጋለጠችውም። ልጆች ነበሯቸው። ሁለተኛዋ ግን መልእክት አመላላሽ ሆነች። እሱ በማዕረግ ላይ ማዕረግ እየጨመረ የሳይመንስታውን የባሕር ኃይል መርከብ ጥገና አዛዥ እስከመሆን ደረሰ። ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኬፕ በታች የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ የሚከታተለው የሲልቨርማይን ጣቢያ ምስጢር በእጁ ያልፋል። ምዕራባውያን ከፕሪቶሪያው መንግሥት ጋር በጓዳ የሚነጋገሩትም ያልፋል። ሞስኮ ሁሉንም ታነባለች።

አፓርታይድ በዚያን ጊዜ ሰላይ የሚፈልገው የት ነበር? ሶዌቶ። የጥቁሮች ቤት በር በሌሊት ይሰበራል። ተማሪ ይታሰራል፣ ቄስ ይጠየቃል፣ በራሪ ወረቀት የያዘ ልጅ ይገረፋል። ነጩ ኮሞዶር ግን በር ላይ ሰላምታ እየተቀበለ፣ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። የካምፕ በር ላይ የሚፈተሸው የተራ ወታደሩ ኪስ ነው። አለቃ ሲመጣ ዘቡ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል፣ ቦርሳ የሚከፍት እጅ አይተርፈውም። ገርሃርትን 20 ዓመት የጋረደው ብልጠቱ ብቻ አይደለም። ማዕረጉና ቆዳው ነው።

በጥር 1983 ኒው ዮርክ ውስጥ ተያዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኬፕ ታውን ላይ ለእሱ ዕድሜ ልክ፣ ለሚስቱ 10 ዓመት ተፈረደ። በ1992 ተፈታ። ሩሲያ ጠይቃለት ነበር። በ1999 የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ምሕረት ሰጠው። እሱ አፓርታይድን ስዋጋ ነበር ይላል። ሞስኮ ደግሞ ትከፍለው ነበር። የአባቱ እስርም አለ። ቂም፣ ብርና ዓላማ በአንድ ሆድ ውስጥ ሲገቡ የትኛው ቀድሞ እንደገባ ባለቤቱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ሩቅ አገር አበዛህ እንዳትሉኝ ወደ ቤታችን ልመለስ።

ባንዳ የምንለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ካገር ሰው የመለመለው ጭፍራ ስም ነበር። ይህች ከተማ ቃሉን በደንብ ታውቀዋለች። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ጉግሊየልሞ ናሲ እጁን የሰጠው እዚህ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934። የምሥራቅ አፍሪካው የጣሊያን ግዛት የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። ባንዳ ግን ሰላይ አይደለም። ባንዳ መለዮ ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ፣ በግልጽ ከጠላት ጋር ይቆማል። ሰላይ አጠገብህ ቆሞ ያንተን መለዮ ለብሷል።

ለሁለቱ መሐል ምሳሌ የሚሆነን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ነው። የአፄ ዮሐንስ ዘር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ባል። ረሃብ የት አለ እዚህ ውስጥ? አባቱ ሲሞቱ የትግራይን ግዛት በሙሉ ጠበቀ። የተሰጠው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በራስ ሥዩም እጅ ነበር። ልዕልቲቱ በወጣትነቷ ሞተች። ጣሊያን ድንበር ከመሻገሩ በፊት ከአሥመራ ሰዎች ጋር በድብቅ ተነጋግሯል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ነገሩ ለጃንሆይ ደርሷቸው ነበር፣ አላመኑም። አማች ነዋ! በ1928 ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ወታደሮቹን ይዞ ከጣሊያን ጎን ተሰለፈ። ለመቀሌም መንገዱ ተከፈተ። ጣሊያኖች ምን ሰጡት? ራስ አሉት። ያችኑ የጎደለችውን ማዕረግ።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። ሰላይ ሁሉ ከዳተኛ ነው ካልን ባሻይ አውዓሎምን ምን እናድርገው? የዓድዋው ሰው። ጣሊያኖች የኛ ሰላይ ነው ብለው ያምኑት ነበር። የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል ብሎ ነገራቸው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ በሌሊት ተነሥቶ መጣ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን እናውቃለን። እኛ በዘፈንም በተውኔትም እናወድሰዋለን። ጣሊያን ቤት ስሙ ምን ተብሎ እንደሚጠራ መገመት አያቅትም።

ፖላንዶች በዚህ ጉዳይ እስካሁን ይጣላሉ። ሪሻርድ ኩክሊንስኪ የፖላንድ ጦር ኮሎኔል፣ ከዕቅድ አውጪዎቹ አንዱ ነበር። በ1968 ሶቪየትና ተባባሪዎቿ ፕራግን ሲወሩ አየ። በ1970 የገዛ አገሩ ወታደሮች የወደብ ሠራተኞች ላይ ሲተኩሱ አየ። ጦርነት ቢነሣ ፖላንድ የኑክሌር ሜዳ እንደምትሆን የሚናገረውን ዕቅድ በእጁ ያዘ። በ1972 ለአሜሪካኖች ጻፈ። እስከ 1981 ከ35,000 ገጽ በላይ ሰጠ። ወታደራዊ አዋጅ ሊታወጅ አንድ ወር ሲቀረው ከነቤተሰቡ አሸሹት። በሌለበት ሞት ተፈረደበት። ኮሙኒዝም ወደቀ፣ ክሱም በ1997 ተዘጋ። ከሞተ በኋላ፣ በ2016፣ ጄኔራል አደረጉት። ግማሹ ሰው ጀግና ይለዋል፣ ሌላው ግማሽ "መሐላ መሐላ ነው" ይላል። እኔ ከየትኛው ነኝ? ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የሸጠው ነገር እንደሌለ አምናለሁ። ልጄ በዚያ ጦር ውስጥ ቢኖር ግን እንዲህ በቀላሉ የምናገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፒያሳው ወሬ። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሰላይ የሚለው ቃል በኛ ከተማ እንደ ቆሎ ይበተናል። የማናውቀው ሰው አጠገባችን ከተቀመጠ ጨዋታው ወደ ኳስ ይዞራል። እገሌ ጆሮ ጠቢ ነው፣ እገሊት ትመስላለች። ጦርነት ባለበት አገር ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን ከላይ ያሉትን ሰዎች አስቧቸው። ከእነሱ ውስጥ አንዱንም የቡና ቤት ሹክሹክታ አላስያዘውም። ያስያዛቸው ያልተወሰደ ደብዳቤ፣ የቢላ ሰገባ፣ ጣሪያ ሥር ያለ ፊልም ነው። ከወዲያ ወገን የከዳ ሌላ ሰላይም ብዙዎችን አስበልቷል። በሹክሹክታ የሚያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ቋንቋው ለየት ያለ፣ ብቻውን የሚበላ፣ ጎረቤት የማይወደው።

የስዊሱን ብርጋዴር ዣን ልዊ ዣንሜርን ታሪክ ለዚህ ነው ያቆየሁት። እሱም ማዕረግ ቀረብኝ ባይ ነበር። ከሶቪየት አታሼ ጋር ወዳጅ ሆነ። ወረቀት ሰጠ፣ ይህ አይካድም። ያገኘው ደግሞ ቴሌቪዥንና የእጅጌ ቁልፍ ነው። በ1976 ሲያዝ አገሩ ተናወጠ። ችሎቱ በዝግ ተካሄደ። ጋዜጣው የዘመናት ከዳተኛ አለው፣ 18 ዓመት ተፈረደበት። ቁጣው ከበረደ በኋላ ግን ብዙ ስዊሶች የሰጠውን ከፍርዱ ጋር አመዛዝነው ያፈሩ መሰሉ። የሰጠው ያን ያህል ትልቅ ምስጢር አልነበረም። በጥፋቱ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ቁጣም ነው የታሰረው። አጥፍቶም ቢሆን።

የኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 252 ስለላን በከባዱ ይቀጣል፣ በባሰው ሁኔታ እስከ ሞት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቅጣት የተንጠለጠለበት ቃል በማኪያቶ መሐል ሲወረወር ይዘገንነኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ይህንን ሁሉ ለባሻ አወራሁላቸው። የሬድል ሰገባ አሳቃቸው። የቤት ሠራተኛዋ ጋ ስደርስ "ጎሽ!" አሉ። የብርጋዴሩ ቴሌቪዥን ጋ ስደርስ ግን ዝም አሉ። ሲኒያቸውን ሁለት ጊዜ አዞሩት።

"እኔ ሃምሳ አለቃ ሆኜ ስንት ዓመት እንደቆየሁ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አላውቅም ባሻ።"

"አሥራ አንድ። ከኔ ኋላ የገቡት መቶ አለቃ ሆኑ። ሰላምታ እሰጣቸው ነበር። እጄ ግንባሬ ላይ፣ ሆዴ ሌላ ቦታ።"

"ታዲያ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ቢያናግርዎትስ?"

መልስ አልሰጡኝም። ፖስታ ቤቱን አዩት። አስተናጋጁን በእጃቸው ጠሩና የሁለታችንንም ሒሳብ ከፈሉ።

"ማንም አልመጣም" አሉ ከዘራቸውን እያነሱ። "ማንም አልመጣም፣ ልጄ።"